ባለጉልት ሲለወጥ ባለርስቱን ማን ጠየቀው?



በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ሳይነሣ የማይውል አንድ ክርክር አለ። «የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ክለቦች ከመንግሥት ጉያ ወጥተው ለባለሀብት ይሸጡ፤ ገንዘብ ያለው ይግዛቸው፤ የዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። ከነዚህም መካከል ምሁር መባልን የሚወዱ አይጠፉም። ሌሎቹ ደግሞ ነገሩን ወደ ቤታችን ያቀርቡና «ደብረ ብርሃን በፋብሪካ ተከባለች፤ አንዱ ፋብሪካ የከተማውን ክለብ ይውሰድና ፕሪሚየር ሊግ ያግባልን» ይላሉ። እኛ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ የመጣን ተማሪዎች ይህን ስንሰማ ሳቃችን ይመጣል። ይህ ክርክር አባቶቻችን ስለ መሬት ሲከራከሩት ኖረው፣ ሳይቋጭ ጥለውልን የሄዱት ክርክር ነውና።

ርስትና ጉልት የሚባሉትን ቃላት የዛሬ ተማሪ የሚያውቃቸው ከታሪክ መጽሐፍ ነው። አያቶቻችን ግን ከጎተራቸው ጋር ነበር የሚያውቋቸው። ባለርስት ማለት ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ ዘር ቆጥሮ መሬቱን የሚይዝ ነው። ባለጉልት ማለት ደግሞ ከላይ ተሹሞ ግብር የሚበላ ነው። ባለጉልቱ ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይዛወራል፤ በምትኩም ሌላ ይመጣል። ባለርስቱ ግን እዚያው መሬቱ ላይ ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። ክለብን ከአባቱ የሚወርሰው ማነው? ሥራ አስኪያጁ ነውን? የቦርዱ ሰብሳቢ ነውን? ከንቲባው ልጁን «ይህን ክለብ አደራ» ብሎ ነው የሚሻረው? አይደለም! ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ወደ ሜዳ የሚወስድ፣ ሲሸነፍ እራቱን ትቶ የሚተኛ፣ ዘንድሮ ወርዶ ከርሞ ሲወጣ እዚያው ቦታው ላይ የሚገኝ ደጋፊው ብቻ ነው። ስለዚህ ባለርስቱ ደጋፊው ነው እንላለን። ኩባንያው፣ ባንኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱና ባለአክሲዮኑ ባለጉልቶች ናቸው። የሚያሳዝነው ግን በድሮው ሥርዓት እንኳ ባለጉልቱ ሲሻር መሬቱን ጠቅልሎ አይሄድም ነበር፤ የዛሬው ባለጉልት ክለቡን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ማስረጃ አምጡ ብትሉን ሩቅ አንሄድም። ዳሽን ቢራ ፋብሪካ በጎንደር ተቋቁሞ፣ በጥረት ድርጅት ሥር ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2004 ዓ.ም. ዱዌት የሚባል የለንደን ኩባንያ ከፍ ያለ ድርሻ ገዝቶ ገባበት። ሁለተኛው ፋብሪካው እዚሁ ደብረ ብርሃን ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በፋብሪካው ስም የሚጠራ የእግር ኳስ ክለብም ነበረ፤ ዳሽን ቢራ፤ መቀመጫው ጎንደር፣ ውድድሩ ፕሪሚየር ሊግ። በ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መጨረሻ ክለቡ ወረደ። መውረድ በኳስ ያለ ነገር ነው፤ የወረደ ይወጣል። ዳሽን ቢራ ግን አልወጣም፤ ፈረሰ። በቃ። የትናንት ክለብ ዛሬ የለም።

ኩባንያው ሕግ ጣሰ ብለን አንከስም። ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ሕግ አለመጣሱ ነው። ክለቡ በመዝገብ ላይ የፋብሪካው ንብረት ነበር፤ ባለንብረት ደግሞ ንብረቱን ማስቀመጥም መጣልም ይችላል፤ የጭነት መኪናውን እንደሚሸጥ፣ አሮጌ ጠርሙሱን እንደሚያስወግድ ማለት ነው። ደጋፊው እጁን አውጥቶ «እኔ አልስማማም» የሚልበት ጉባኤ አልነበረውም። ያ ሁሉ ዝማሬ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ ላይ መዋል፣ ያ ሁሉ የመለያ ግዢ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ጎንደር በዚህ ዕድለኛ ናት። ፋሲል ከነማ በዚያው ዓመት አድጎ በ2009 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን አነሣ። ስለዚህ የጎንደር ሰው ቢያንስ የሚጮህለት አላጣም። ደብረ ብርሃን ብትሆን ኖሮስ? አንድ ክለብ ይዘን፣ እሱንም ለፋብሪካ ሰጥተን፣ ፋብሪካው አንድ ቀን «አላዋጣኝም» ብሎ በሩን ቢዘጋ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ ባናውን ደርቦ ሊያይ የመጣው ሕዝብ ወዴት ይሂድ? የብቅል ገብሱን ለፋብሪካው የሚያቀርበው እሱ፤ ቢራውን ገዝቶ የሚጠጣው እሱ፤ ክለቡ ሲፈርስ ግን ወሬውን ከሬዲዮ የሚሰማው እሱ!

ዳሽንም ብቻውን አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎች በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሄኒከን ተሸጡ። በጥር 2004 ዓ.ም. ሜታ በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ ተሸጠ፤ ኋላም ከዲያጆ ወደ ቢጂአይ ተላለፈ። ሐረር ቢራም ሜታም በስማቸው የሚጠሩ የእግር ኳስ ክለቦች ነበሯቸው። ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ ሰንጠረዥ ላይ እነዚህን ስሞች የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ያደክማል። ጋኑ፣ ማሽኑ፣ መሬቱና ስሙ ዋጋ ወጥቶላቸዋል። የደጋፊው ልብ ስንት ተብሎ እንደ ተገመተ የሚነግረን ቢኖር በዚሁ ጋዜጣ ላይ እናትምለታለን።

«እንዲያ ከሆነ አክሲዮን ለሕዝብ ይሸጥ» የሚሉ ይኖራሉ። ይህ የተሻለ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ተጠንቀቁ። እዚሁ ደብረ ብርሃን የተተከለው የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን ገዝተው ያቋቋሙት ነው። ኋላ ባቫሪያ የተባለው፣ ዛሬ ስዊንክልስ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ገብቶ ከፍተኛውን ድርሻ ያዘ። በቢራ ንግድ ይህ ምንም አይደለም፤ ፋብሪካ ካፒታል ይፈልጋል፣ ትንሹ ባለአክሲዮንም ትርፍ ከተከፋፈለ ድርሻውን ይቀበላል። ክለብ ግን እንደዚህ አይደለም። ድምፅ በብር ከተቆጠረ ብዙ ብር ያለው አንዱ ሰው ከስምንት ሺህ ድኾች ይበልጣል። ደጋፊ ደግሞ ትርፍ ሊካፈል አይደለም የመጣው፤ ከድምፁ በቀር ያለው ነገር የለም። እሱን ከወሰዱበት ምን ቀረው?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንዙር፤ መንግሥትን የምንወቅሰው አንሰን እንዳይመስል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዚህች አገር ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጁ ታወጀ። አራሹ ከጭሰኝነት ወጣ፤ ይህን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን መሬቱ «የሕዝብ» ሲባል በተግባር የመንግሥት ሆነ። በዚያው ዘመን ክለቦችም «የሕዝብ» ተባሉና ስማቸው ሳይቀር ተነካ፤ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ የሚታወቅበትን ስም ትቶ በሌላ ስም እንዲጫወት ተደርጓል። ሰማዕቱን ከፈረሱ ያወረደ ስብሰባ ውስጥ ደጋፊ አልተቀመጠም።

የዛሬው «ከነማ» ሁሉ የዚህ ልጅ ነው። ስሙ የከተማ ሕዝብ ይመስላል፤ ቦርሳው ግን የማዘጋጃ ቤት ነው። ከንቲባው ኳስ ከወደደ በጀት አለ፤ ካልወደደ ተጫዋቹ ደመወዙን ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ። የውኃና የመንገድ ገንዘብ ለአጥቂ ፊርማ እንዳይሆን የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቅ ቢኖርም የሚመልስለት የለም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፌዴሬሽኑና ክለቦች ተሰብስበው የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር አይለፍ አሉ። የግብር ከፋዩ ገንዘብ መሆኑ የዚያን ጊዜ ትዝ አላቸው መሰለን። ከዚያ ጉባኤም ደጋፊው አልነበረበትም።

የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ2016 ዓ.ም. ያነሣው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን። ተጫዋቾቹ በላባቸው ያገኙት ነውና እንኳን ደስ ያላቸው። ነገር ግን የባንኩም የመድን ድርጅቱም ባለቤት መንግሥት፣ ሁለቱም የሚተዳደሩት በአንድ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው። የሁለት ዓመት ዋንጫ ከአንድ ጌታ አዳራሽ ገባ ማለት ነው! ይህን አይተው «ለዚህ ነው ለግል ባለሀብት ይሸጡ የምንለው» የሚሉት ወዳጆቻችን ግማሽ መንገድ አብረውን ሄደዋል። በሽታውን አውቀዋል፤ መድኃኒቱን ግን ከዚያው ከበሽታው ዕቃ ቤት ነው ያመጡት። ጌታ መለወጥና ጌታ አልባ መሆን አንድ አይደሉም።

በቴሌቪዥን የሆነውንም ተመልከቱ። ክለቦቹ በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው የሊጉን የቴሌቪዥን መብት ለመልቲቾይስ ለ5 ዓመት ሸጡ፤ ዋጋው 22.5 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ለክለብ ገቢ መገኘቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ውድድሩ በአንድ ጊዜ በአንድ ከተማ፣ ተራ በተራ፣ ባሕር ዳር ሲያልቅ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ሐዋሳና አዳማ እየተባለ ሲካሄድ ኖረ። መነሻው ወረርሽኙ ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን ልማዱ አላለፈም። ሜዳህ ሜዳህ አይደለም፤ ክለብህ በሜዳው የሚጫወተው ባለተራ ከተማ ሲሆን ብቻ ነው። ቀድሞ ከመሐል ሜዳ በሌሊት ተነሥቶ፣ በጣርማ በር ጉም ውስጥ አልፎ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቶ ለሚጮኽ የመንዝ ሰው የቀረው ምርጫ ዲኤስ ቲቪ ቤት ገብቶ፣ ከፍሎ፣ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ሆነ። የተሸጠው ምንድነው? የእሱ ጩኸት የሞላበት ጨዋታ ነው። ጩኸቱን ከሥዕሉ ላይ አስወጥተው ሥዕሉን መልሰው ለእሱ ሸጡለት።

ይህ የኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ቤዝቦል በሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ የኦክላንድ ከተማ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አትሌቲክስ የሚባል ክለብ ነበራት። ባለቤቱ ጆን ፊሸር ክለቡን ወደ ላስ ቬጋስ ሊያዛውር መሆኑን ሲናገር፣ በሰኔ ወር 2023 እ.ኤ.አ. ወደ 28 ሺህ የሚጠጋ ደጋፊ አንድ ቀን አብሮ ስታዲየም ገባ። ሌላ ጊዜ ባዶ የሚውለውን ሜዳ የሞሉት «ከተማው ክለቡን አይወድም» የሚለውን ወሬ ሐሰት ለማድረግ ነበር። አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰው ነበር፤ ካናቴራው ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ሽጥ!» አልሸጠም። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ኦክላንድ ላይ የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫውተው ሄዱ።

ለእነዚያ ሰዎች ልባችን አዝኖላቸዋል። ነገር ግን ካናቴራው ላይ ያለውን ቃል ደግማችሁ አንብቡት። «ሽጥ» ማለት «ሌላ ጌታ ስጠን» ማለት ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የደገፉት ሰዎች ከፍ ያለው ምኞታቸው ደግ ባለጉልት ማግኘት ሆነ! «ለኛ ስጠን» ለማለት ሕጉም ልማዱም አላስተማራቸውም። የኛም ጓደኞች በሻይ ቤት «ጥሩ ባለሀብት ይምጣልን» ሲሉ የሚለምኑት ይህንኑ ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ጀርመንን ተመልከቱ። በዚያ አገር ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክለብ ኩባንያ እንዲያቋቁም ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ጥቂቶች በልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደላቸው በቀር ከድምፁ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአባላት ማኅበር እጅ መቆየት አለበት። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊጉ ከገቢው ድርሻ ለውጭ ባለሀብት ለመሸጥ ሲደራደር፣ ደጋፊዎች የቴኒስ ኳስ ወደ ሜዳ እየወረወሩ ጨዋታ አቋረጡ። ሊጉ ድርድሩን ተወ። በቴኒስ ኳስ! ድንጋይ አልወረወሩም።

ጀርመን ሩቅ ነው፣ ሀብታም ነው ለሚል ግን መልሳችን ከቤታችን ነው። ጓሳን ሂዱና እዩ። መንዝ ውስጥ፣ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ላይ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውልበት ያ የሣር ሜዳ ለምን ታርሶ አላለቀም? አቅኚዎቹ አስቦና ገራ ለሁሉ ብለው ከለሉት፤ ዘሮቻቸው በቄሮ ሥርዓት ጠበቁት (ይህ ቄሮ የዛሬው የወጣቶች ስም አይደለም፤ የሣር ጥበቃ ሥርዓት ነው)። ሜዳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል፤ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ጠባቂውን የሚመርጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ለመቶዎች ዓመታት ባለጉልት ሲፈራረቅ ጓሳ የቆመው በባለጉልት ደግነት አይደለም። በ1967ቱ አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴና በራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንደገና አቆመው። ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ይጠበቃል።

የድሮው ሥርዓት ፍጹም ነበር አንልም። ከሁለቱ አባቶች ዘር የማይቆጥር ሰው ከውጭ ቆሞ ያይ ነበር። ለክለብ ይህን አንመኝም፤ ዘር የሚቆጥር ደጋፊ አንሻም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ በሌላው ሜዳ መጫወት አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ እስከ መጫወት የደረሱበትን ጊዜ አንረሳም። ድንጋይ የወረወረው ደጋፊ ነው፤ ቦርዱ አይደለም። ይህን የሚያነሡብን ሰዎች እውነት አላቸው። መልሳችን ግን ይህ ነው፦ ስም ዝርዝር የሌለው፣ ድምፅ የሌለው፣ ኃላፊነት የሌለው ሕዝብ ግርግር ይሆናል። መታወቂያ የያዘ አባል ቢያጠፋ ከአባልነት ይሰረዛል፤ የሚያጣው ነገር አለው። የሚያጣው የሌለው ምን ይፈራል?

«ደጋፊ ድኻ ነው፤ በምን ገንዘብ ክለብ ያስተዳድራል?» ለሚለውም እንመልስ። ገንዘቡን ፋብሪካው ያምጣ! እኛ ፋብሪካ አንጠላም። ፋብሪካው በውል ስፖንሰር ይሁን፤ ስሙን መለያው ደረት ላይ ያስጽፍ፤ ውሉ ሲያልቅ ያድስ ወይም ይሂድ። ሲሄድ ግን ይዞት የሚሄደው የራሱን ስም ብቻ ይሁን። ማዘጋጃ ቤቱም ይርዳ፤ ሜዳ ይስጥ፤ የሰጠውን ያህል ሒሳብ ይጠይቅ። ባለቤትነቱ ግን በአባላት ማኅበር ይመዝገብ፤ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ። ይህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 የቆመበት መሠረት ይኸው ነው። ገበሬው አባታችን ማዳበሪያ የሚወስድበት ማኅበር ውስጥ ያለውን መብት፣ የተማረው ልጁ በክለቡ ውስጥ ለምን ያጣል?

ደብረ ብርሃን ከተማ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባሉት እርከኖች ሲታገል የኖረ ክለብ ነው። ይህን እንደ ጉዳት የሚያዩት አሉ፤ እኛ እንደ ዕድል እናየዋለን። ክለብ ትንሽ ሳለ ማንም አይሻማበትም፤ ደንብ የሚጻፈውም ያን ጊዜ ነው። ፕሪሚየር ሊግ ከገባ፣ ቴሌቪዥን ከመጣ፣ ባለሀብት ከከበበው በኋላ «እኛም አለንበት» ማለት ሠርጉ ካለቀ በኋላ እንደ መድረስ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ በደንብ ይጻፍ እንላለን፦ የክለቡ ስም፣ ቀለም፣ መቀመጫ ከተማና ህልውና ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ካልተስማማ አይነካም፤ የዓመቱ ሒሳብም በአማርኛ ተጽፎ በሜዳው በር ላይ ይለጠፋል። ይህ ሲጻፍ የሚቃወም ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ካለ፣ ለምን እንደሚቃወም በሕዝብ ፊት ያስረዳ።

የሕግ መምህሮቻችን ረቂቁን በማረም፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎችም የገቢና የወጪ መዝገብ በመንደፍ እንዲረዱን እንጠይቃለን። ይሸጥ የምትሉ ወዳጆቻችንም መልሳችሁን ጽፋችሁ አምጡ፤ በሚቀጥለው እትም ሳንቆርጥ እናወጣዋለን። የአባልነት ስም መመዝገቢያ ወረቀት በተማሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ስም፣ የትውልድ ወረዳና ፊርማ ብቻ ነው የሚጠየቀው፤ እስክሪብቶ ግን ይዛችሁ ኑ።